ከገብርኤል በር ያልገቡት ሁለቱ

ቡዜ ጧፍ ትሸጣለች። ብስራተ ገብርኤል፣ ከዋናው በር በስተግራ፣ ግንቡ ጎበጥ ብሎ ጥላ የሚጥልባት ቦታ የሷ ናት፤ አንድ ልጇ ሚሳኤል በዳዴ ከሚሄድበት ጊዜ ጀምሮ። ጧፉን ራሷ ነው የምትሠራው። ፈትሉን በቀለጠ ሰም ውስጥ ስባ ታወጣዋለች፣ ሳይደርቅ በጣቷ ታሸዋለች፣ በአፏ ደግሞ የሆነ ዜማ ታንጎራጉራለች። ድምፅ ነበራት ቡዜ። ድሮ፣ ሠፈሩ ሳይፈርስ፣ ሰርግ ሲኖር እሷ ካልመጣች ሙሽራዋ ከጓዳ አትወጣም ነበር። ያ ድምፅ አሁን ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ እንደ ክረምት ፀሐይ ብልጭ ይልና ደመና ይውጠዋል።

ሠፈሩ ፈርሶ ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህም ቦታዋን አልለቀቀችም። ጠዋት ጠዋት ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ በሚኒባስ ትመጣለች። ረዳቱ «እማማ፣ ዘንቢሉን ከኋላ እናድርገው» ቢላት «አንተ ከኋላ ሂድ፣ እሱ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄደው» ትለዋለች።

እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሰው የማያየው የለም። ማን ገባ፣ ማን ደጅ ቀረ፣ ማን ቅዳሴው ሳያልቅ ሹልክ አለ። ደጅ የሚቀር ሰው ምክንያቱን አይናገርም፤ ጠያቂም የለውም። የወር አበባዋ የመጣባት ሴት ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች፤ ሌሊቱን አብረው ያደሩ ባልና ሚስትም እንደዚያው። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ በደል ከብዶት እግሩ አልነሣ ያለው አለ። ቡዜ ሦስቱንም ባቋቋማቸው እለያለሁ ባይ ናት። «አይመቸኝም» ያለችዋ ግንቡን ተደግፋ፣ የምትገባበትን ቀን የምታውቅ ሰው ሆና ትቆማለች። ባልና ሚስቱ እንደማይተዋወቁ ተራርቀው ይቆሙና ዝናብ ሲመጣ ባንድ ጃንጥላ ይገኛሉ። በደለኛው ግን በሩን አያይም። በየትም ይቁም በሩን አያይም።

«አንቺ ቡዜ» ይላታል ጋሽ በንቲ፣ የደጁ ዘበኛ፤ አያቶቹ እዚሁ ላፍቶ አርሰው የኖሩ፣ ቀልዱ የማያልቅ ሽማግሌ ነው። «ገብርኤል ራሱ እንዳንቺ አልተከታተለንም።»

«እሱ መልአክ ነው፣ ብዙ ጉዳይ አለበት። እኔ ያለኝ ጧፍ ብቻ ነው።»

«እኔንስ ከየትኛው መደብሽኝ?»

«አንተማ ለሦስቱም ጊዜው አልፎብሃል።»

እንዲህ እየተሳሳቁ ይውላሉ። ነገር ግን ሁሉን የምታየው ቡዜ፣ እሷ ራሷ ከፋሲካ ወዲህ ከዚያ በር ገብታ አታውቅም። ይህን ደግሞ ማንም አላየም። ጧፍ ሻጭ ደጅ ብትቀመጥ ማን ምን ይላል? ዘንቢሏ ከነጠላ በላይ ሸፈናት።

ሃምሳን ከተሻገረች ቆይታለች፤ የወር አበባዋም ከተሰናበታት ሰነባብቷል። ዐቢይ ጾም መካከል ላይ አንድ ጠዋት ደሙ ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ ለብቻዋ ሳቀች። ልጅነቴ የረሳው ነገር ኖሮ ተመለሰ አለች። ከዚያ ግን የሚሄድ መሰለና ቀረ፣ ቀረ ስትለው መጣ። ወገቧን ከበዳት። ሽታውም ተለወጠ። ያኔ ሳቋ ቆመና ጥርጣሬዋ ጀመረ። በሽታ ነው ብላ አልጠረጠረችም፤ ሰው ነው የጠረጠረችው። የተደረገብኝ ነገር አለ አለች። ባለፈው ዓመት ቦታዬን ካልለቀቅሽ ብላ የተጣላቻትን ሻማ ሻጭ ጠረጠረች። ደረጃ ላይ ስትገናኛት ከእግር እስከ ራሷ የምታያትን ጎረቤት ጠረጠረች። ጠበል ልጠመቅ ብትል ጠበሉ ከበሩ ውስጥ ነው፤ ከነደሟ አትገባም። ሰው ልኬ ላስቀዳ ብትል ለምን ራስሽ አትሄጅም ይባላል። እናም ያን የምታውቀውን በር እያየች፣ ሰሙን በጣቷ እያሸች፣ እንዲህ ትላለች ለራሷ፦

የኔማ ገላ፣ የኔማ ነገር፣
ለሰው አይነገር፣ ለራስ አይነገር።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ የምትጠረጥረው አገኘች። የልጇን ሚስት ጸደንያን።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ ላይ ነው። የሚሳኤልና የጸደንያ ልጅ ቤተልሄም ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመጣ «ነገ ሴቶቹ ክትባት አለን፣ የማህፀን በር ካንሰር እንዳይዘን» አለች፣ ቃሉን እንደ መዝሙር ሸምድዳው።

«ሴቶቹ ብቻ?» አለች ቡዜ።

«ሴቶቹ ብቻ።»

«ወንዶቹስ?»

«ወንዶቹማ ኳስ ይጫወታሉ።»

ቡዜ ይህን ነገር አልወደደችውም። ለሴቶቹ ብቻ፣ ያውም በዚህ ዕድሜ፣ ያውም በዚያ በኩል ላለ ነገር። ነገ ልጅ እንዳትወልድ ሊያደርጓት ይሆናል አለች በሆዷ። በማግስቱ ጸደንያ ወደ ሥራዋ ስትወጣ ጠብቃ ሕፃኗን ትምህርት ቤት በመውሰድ ፈንታ ይዛት ገብርኤል ሄደች። ቤቲ ቀኑን ሙሉ ጧፍ ስትደረድር ዋለች፤ ማታም ለእናቷ ሁሉንም ዘረገፈችው።

ጸደንያ አልተቆጣችም። «እሺ» ብቻ ብላ ዝም አለች። ቡዜ ቁጣ ታውቃለች፤ ከቁጣ ጋር ኖራለች፣ ከሟች ባሏ ከገብረ መድኅን ጋር። ዝምታ ግን ያስፈራታል። ዝም ያለ ሰው የሚያስበው አለው።

ከዚያ በኋላ ጸደንያ ተለወጠች። ስልክ ሲደወልላት ኮሪደር ትወጣለች፤ ስትመለስ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ነው። አንድ ሐሙስ ከሥራ ቀረች፤ የት እንደዋለች አልተናገረችም፤ ማታ ቀስ ብላ እየተራመደች ገባችና በጊዜ ተኛች። የሰኔው ጾም ተፈታ። ሚሳኤል ከጅቡቲ መስመር ተሳቢውን ይዞ መጣ፤ መኪናው ያቦካውን ሰውነት ይዞ ቤቱን ናፍቆ። ጸደንያ ግን ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፋ ከልጇ ጋር ተኛች። አንድ ቀን ቢሆን ቡዜ ልብም አትልም። በሚቀጥለውም ቀን ፍራሹ ተነጠፈ። በሚቀጥለውም።

«ምን ሆነች?» አለችው ልጇን።

«ደክሟት ነው፤ ተያት» አለ ሚሳኤል፣ ጫማውን ሲያስር ከሚያስፈልገው በላይ አጎንብሶ።

ሐምሌ ገብርኤል ደረሰ። ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ሳያባራ፣ ሕዝቡ ጭቃውን እየረገጠ፣ ነጠላው ሁሉ ከታች ቡናማ ከላይ ነጭ ሆኖ። ታቦቱ ወጥቶ በእልልታ ሲዞር የደጁ ሰው ሁሉ ተንጋግቶ ገባ። ቡዜ ከላስቲክ ጥላዋ ሥር ሆና ዐይኗን ስታዞር፣ ከበሩ ማዶ ባለችው ባሕር ዛፍ ሥር፣ ጸደንያን አየቻት። የዓመቱን በዓል ደጅ ቆማ። ባለፈው እሑድ እዚያው ነበረች። ከዚያ በፊት በነበረውም። የሴት ልማድ ይመጣል ይሄዳል፤ ይህን ያህል አይቆይም። ከባሏ ጋር ደግሞ አላደረችም፤ ፍራሹ ይመሰክራል። ታዲያ ምን ቀረ?

ሦስተኛው ቀረ።

ቡዜ አስተውላ አየቻት። ጸደንያ በሩን አታይም ነበር። ወደ እሷ ነበር የምታየው፣ ወደ ቡዜ። ዐይን ለዐይን ሲጋጠሙ ቡዜ ቀድማ ዘንቢሏ ውስጥ ጧፍ የምትፈልግ መሰለች። ለምንድነው እኔን የምታየኝ? ማየቴን አየች ማለት ነው። የሚደብቀው ያለው ሰው እንዲህ ነው።

ደም ለሰው የሚመጣው በአንድ መንገድ ብቻ አለመሆኑን በዚያ ሰዓት ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች። ግን ለራሷ እንኳ የማትነግረውን ለሰው እንዴት ታስበዋለች?

በማግስቱ ጠዋት ሚሳኤል መኪናውን ሊያይ ሲወርድ ደረጃው ላይ ደረሰችበት።

«ልጄ፣ ሚስትህ ደጅ ቆማ ነው የምታስቀድሰው። ብዙ ጊዜ ሆናት።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ምክንያቱን የምታውቅ አንተ ነህ።»

ቆመ። «ምን ለማለት ነው እማዬ?»

«እኔ ምንም አላልኩም። ያየሁትን ነው። አንድ ሐሙስ ሥራ አልገባችም፣ የት እንደዋለች አልተናገረችም፣ ስልኳን ኮሪደር ነው የምታናግረው። እናት ሆኜ ካልነገርኩህ ማን ይነግርሃል?»

የልጇ ፊት እንደ ሰም ሲረጋ አየችው፤ መጀመሪያ ከዳር፣ ከዚያ መሀሉ። ደረጃውን ወረደ። በዚያ ቀን ምሳ ለመብላት አልመጣም። ከዚያም ወዲያ ማደሪያው ጋቢናው ሆነ፤ ዕቃ እስኪጫን ብሎ ሰበብ ሰጠ። ጸደንያ ዐይኗ አብጦ ትነሣለች። ቤቲ «አባዬ ለምን መኪና ውስጥ ይተኛል?» ትላለች። ቡዜ የወጡን ጨው ትቀምሳለች። እውነቱ ወጣ እንግዲህ ብላ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ ግን አላላትም። ወገቧ ብሷል። ጨርቋን ማንም እንዳያይ አጥባ አልጋዋ ሥር ታሰጣዋለች።

በተከታዩ እሑድ ጸደንያ መጣች። ወደ ባሕር ዛፏ አልሄደችም። ቀጥ ብላ መጥታ ቡዜ ጎን፣ ዘንቢሉ አጠገብ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ውስጥ ቅዳሴው ይሰማል።

«ለሚሳኤል ምን ብለውት ነው?»

«ያየሁትን።»

«ምን አዩ?»

«ለምን አትገቢም አንቺ ልጅ?» አለች ቡዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በገብርኤል ፊት ልጠይቅሽ። ለምን አትገቢም?»

ጸደንያ አንድ ጧፍ አንሥታ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። «እርስዎስ እማማ፣ ለምን አይገቡም?»

ቡዜ ዘንቢሏን ወደ ራሷ ሳበች። «እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራ ላይ ሆነው ድሮም ይገቡ ነበር። ወንጌል ሲነበብ ዘንቢሉን ለጋሽ በንቲ ሰጥተው ይገቡ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ አንድ ቀን አልገቡም። ጨርቅዎን ደግሞ ፀሐይ ላይ ትተው አልጋዎ ሥር ነው የሚያሰጡት። እኔም ዐይን አለኝ እኮ።»

በዚያች ደቂቃ ቡዜ እየታየች እንደነበር ገባት። እሷ የምትከታተላት ሴት እሷን ስትከታተላት ኖራለች። በኋላ፣ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ዜማ አበጅታለት ታንጎራጉረው ነበር፦

ከደጅ ሆኜ ሳይሽ፣ ከደጅ ቆመሽ አየሽኝ፣
ስጠረጥርሽ ኖሬ፣ ቀድመሽ ጠረጠርሽኝ።

ያን ጊዜ ግን ዜማ አልመጣላትም። «አንቺ ንገሪኝ» አለች ብቻ። «ከዚያ እኔ።»

ጸደንያ ነገረቻት። ቤቲ ክትባቱን ስላጣች በሌላ ቀን ጤና ጣቢያ ወስዳ አስከትባታለች። («አውቄ ነበር» አለች ቡዜ። «አላወቁም» አለች ጸደንያ።) የከተበቻት ነርስ፣ ሲስተር ሌንሳ ትባላለች፣ «ለልጅሽ መጣሽ፤ አንቺስ? ሠላሳ ካለፈሽ መታየት አለብሽ» አለቻት። ምንም የሚያመኝ ነገር የለም ብላ ነበር። ሲስተርም ሳያምሽ ነው የሚታየው አለቻት። ከማህፀን በር ናሙና ተወሰደ፤ ይህን ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ አለ ተባለ። ከዚያ በአቼቶ ነክተው ሲያዩት ነጭ ነገር ወጣ፤ ካንሰር አይደለም፣ ግን ከቆየ ሊሆን የሚችል ነው። ያች ሐሙስ ያን ነገር በሙቀት አቃጥለው ያከሟት ቀን ነበረች። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ፈሳሽና ደም ይኖራል ብለዋታል፤ ቁስሉ እስኪድን ከባሏ ጋር እንዳትገናኝ አስጠንቅቀዋታል።

«ይኸው ነው ወንጀሌ» አለች ጸደንያ።

«ለባልሽስ ለምን አልነገርሽውም?»

«ቫይረሱ በግንኙነት ነው የሚመጣው። ከማን አመጣሽው ቢለኝስ?» ጧፉ ጣቷ ላይ ተሰበረ። «እኔም እኮ አስቤያለሁ። እሱ በዚያ መንገድ ሲመላለስ... ከማን አምጥቶብኝ ይሆን ብዬ። ብናገር መጠየቄ ነው፤ ከጠየቅሁ ደግሞ መጠርጠሬ ነው። ዝም አልኩ።»

ቡዜም በተራዋ የራሷን ተናገረች። ስትናገረውም በአጭሩ ነው፣ በሩን እያየች። ጸደንያ ስትሰማ ቆይታ ተነሣች።

«ነገ አብረን እንሄዳለን።»

«የት? እኔ አልታመምኩም። ልጅነቴ ነው የተመለሰው። ወይ የተደረገብኝ ነው።»

«እማማ፣ እኔ ምንም ሳይሰማኝ ነው ያ የተገኘብኝ። እርስዎ ከፋሲካ ጀምሮ ይደማሉ።»

«ወንድ ቢሆንስ ሐኪሙ?»

«ሴት ናት።»

«አልሄድም።»

ጸደንያ ነጠላዋን አስተካከለች። «ካልሄዱ ለጋሽ በንቲ እነግረዋለሁ።»

ጋሽ በንቲ የሰማውን የብስራተ ገብርኤል ሕዝብ እስከ ቅዳሴው ማብቂያ ይሰማዋል። ቡዜ ሄደች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የማትጠረጥረው ነገር አልነበረም። አልጋው ለምን እግር ማስቀመጫው ከፍ አለ? መጋረጃው ለምን አይደርስም? ያ የዳክዬ አፍ የመሰለው ብረት ስንት ሴት ውስጥ ገብቷል? ሲስተር ሌንሳ፣ ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ችኮላ የለውም፣ ብረቱ ተቀቅሎ የመጣበትን ዕቃ ከፍታ አሳየቻት። ጠርሙሱን ስታነሣ ቡዜ አሸተተች።

«ይሄ አቼቶ አይደል እንዴ? ለሰላጣ ነው ለሰው?»

«ለሁለቱም ይሆናል እማማ። ሰላጣው ግን አይጠይቅም።»

ቡዜ ሳትወድ ፈገግ አለች። ከዚያ ዋናውን ጥያቄ አመጣች፤ ጸደንያ በሩ አጠገብ ቆማ እየሰማች። «ለመሆኑ ይሄ ቫይረስ ከማን ነው የሚመጣው?»

«ይሄን የማትጠይቀኝ ሴት የለችም፤ መልስ ደግሞ የለኝም። ከሰው ወደ ሰው በግንኙነት ይተላለፋል፣ እውነት ነው። ግን በጣም የተለመደ ነገር ነው፤ ትዳር ካየ ሰው ያልነካው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ላይ ሳይታወቅ መጥቶ ሳይታወቅ ይጠፋል። አንዳንዷ ላይ ግን አድፍጦ ዓመታት ይቀመጣል፤ አሥርም፣ ከዚያም በላይ። ዛሬ ተገኘ ተብሎ የዛሬ ሰው አይከሰስበትም። ለዚህ ነው በየጊዜው የምናየው፤ እሱ ድምፅ የለውማ።»

ቡዜ ጣሪያውን እያየች ገብረ መድኅንን ጠረጠረችው፤ በመቃብሩ ውስጥ እንዳለ ጠረጠረችው። ሲያገባት ልጅ ነበረች፤ ጡቷ በወጉ ሳያጎጠጉጥ ነበር የዳሯት፤ እሱ ከእሷ በፊት የት የት እንደነበረ ማን ያውቃል። ከዚያ ጥርጣሬዋ ከባሏ ተነሥቶ ወደ ልጇ ወደ ሚሳኤል ሊሄድ ሲል ያዘችው። እሱን አንድ ቀን ጠርጥራው አታውቅም። ያን ሁሉ መንገድ ሲመላለስ ስንት ጊዜ በገዛ ዐይኗ ሸኝታዋለች፤ ሚስቱ ደጅ ስለቆመች ግን ምራቷን ነው የከሰሰችው። ጥርጣሬዋ እንደ ዝንብ ካንዱ ወዳንዱ ዞረ፣ የሚያርፍበት አጣ። ይህ ለቡዜ አዲስ ነገር ነበር።

ሲስተር ሌንሳ ደጋግማ አየች። ብረቱን ቀስ ብላ አወጣችና ቡዜን ቀና አድርጋ አስቀመጠቻት።

«የርስዎን እዚህ አላክምም እማማ። ትልቅ ሆስፒታል እልክዎታለሁ፤ ቁራጭ ወስደው ይመረምሩታል።»

«እሷን ግን አከምሻት።»

«እሷ ሳያማት መጣች። ከቆመ በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ደም ግን አንድ ቀን አይጠበቅም፤ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ሊሆንም ይችላል። የርስዎ ላይ ቁስል ስላለ ነው የቸኮልኩት።» እጇን ያዘቻት። «እዚህ ድረስ መጥተዋል። እንግዲህ ወደኋላ የለም።»

ሲወጡ ዝናብ ነበር። ጸደንያ ጃንጥላውን ዘረጋች፤ ሁለቱ ባንዱ ሥር ገቡ።

ሚሳኤል መኪናውን ለቡ፣ ከዋናው መንገድ ዳር አቁሞ ነበር። ቡዜ ምራቷን ቤት ልካ ብቻዋን ሄደች። ጋቢናው ከፍ ያለ ነው፤ ልጇ እጇን ይዞ ሳባትና አጠገቡ አስቀመጣት። ዝናቡ የፊት መስታወቱን እያንኳኳ ነው። ለእናት የሚከብድ ነገር የለም ይባል የለ? ያን ቀን ለልጇ የተናገረችውን ከሰርግ ዘፈን በቀር ከሥጋ ጋር የተያያዘ ቃል ወጥቶት በማያውቅ አፍ ነው የተናገረችው።

«በሚስትህ ላይ የነገርኩህን መልስልኝ» አለች። «ጠርጥሬ ነው። ታማ ታክማ ነው ደጅ የቆመችው፤ ታክማ ነው ፍራሽ ያነጠፈችው።» ሁሉንም ነገረችው፤ ናሙናውን፣ ነጩን ነገር፣ ሙቀቱን።

ሚሳኤል መሪውን ይዞ ሰማ። ከዚያ ቡዜ የፈራችው መጣ። «ቫይረሱን ከየት አመጣችው?»

«እኔም ከየት አመጣኸው ብዬ ልጠይቅህ?»

ሚሳኤል ፊቱን ወደ ጎን መስታወቱ አዞረ። አላሳዘናትም፤ አልጠየቀችውም። ያወቀችውን ላለማወቅ ፈለገች።

«ነርሷ መልስ የለውም አለች። የዛሬ አሥር ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ በፊት ሊሆን ይችላል። አባትህም ሞቷል፤ እሱን የት ሄጄ ልጠይቅ?»

«አባዬ ምን አገባው?»

«እኔም ላይ ቁስል ተገኝቷል ልጄ። የኔ ከሷ ይብሳል። ትልቅ ሆስፒታል ልከውኛል።»

እጁ ከመሪው ላይ ወደቀ። ከአዋሽ እስከ ጋላፊ ያንን ተራራ የሚያክል መኪና የሚገፋ እጅ ጭኑ ላይ ተዘርግቶ ቀረ። «እማዬ» አለ።

«አታልቅስ፤ መንገደኛ ያየናል» አለች ቡዜ፣ እሷ እያለቀሰች። «ይልቅ ቤትህ ግባ። ዳነች አልዳነች ብለህ ቁስሏን ሳይሆን ሆዷን ጠይቃት።»

በዚያን ቀን ፍራሹ ሳሎን ተነጠፈ። ቤቲ መኝታ ቤት ከአያቷ ጋር ተኛች። ሚሳኤልና ጸደንያ ሳሎን ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሳይነካኩ፣ ቀስ ብለው ሲያወሩ ተሰማ። ቡዜ ጆሮዋን በሩ ላይ ልትለጥፍ ተነሣችና ተመልሳ ተኛች።

ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር ነበር። ሐኪሙ ካንሰሩ ገና ከቦታው ብዙ እንዳልራቀ፣ ማህፀኗን በማውጣት ሊቀድሙት እንደሚችሉ ተናገረ። ቡዜ ጠየቀችው፤ ከሠላሳ ዓመቴ ጀምሮ በየጊዜው ብመረመር ኖሮ? ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። ምናልባት እኔ ዘንድ አትደርሺም ነበር አላት። አንጎራጎረች ያን ቀን፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ድምፅዋን አውጥታ፣ ጎን ያሉት ሴቶች እየሰሙ፦

ቁስል ተደብቆ ቤት ሠርቶ ከዋለ፣
ማን አየኝ ይላል ወይ፣ ያየው ሰው ከሌለ።

በመስከረም ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ብዙ ጊዜ ተኛች። ከሳች፤ ነጠላው ላይዋ ላይ የተሰቀለ መሰለ። ክትትሉ ይቀጥላል፤ ሐኪሙ ድነሻል አላላትም፣ ተመላለሺ ነው ያላት። ጥሩ ሰው መሆኑን ያወቀችው በዚያ ነው፤ ድነሻል ብሏት ቢሆን ኖሮ ትጠረጥረው ነበር።

በኅዳር ወር የገብርኤል ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ቡዜ ቀስ እያለች ከሚኒባስ ወረደች። ግንቡ ሥር፣ በቦታዋ፣ ሚሳኤል ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ጆሮው ሊደርስ ጧፍ ይሸጣል።

«አያያዝህን ተመልከት፤ ክሩን ወደ ላይ» አለችው።

ጋሽ በንቲ ከበሩ ጠራት። «ነይ ግቢ ቡዜ። በሩ ናፍቆሻል።»

ነጠላዋን አጣፍታ ገባች፣ ጸደንያ ክንዷን ይዛት፣ ቤቲ ከፊት እየሮጠች። ደጃፉን ስትሳለም ምን እንዳለች አልተሰማም። ብዙ ቆየች።

ስትወጣ ዐይኗ እንደ ድሮው ዞረ። ባሕር ዛፏ ሥር አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች። ቡዜ አስታወሰቻት፤ ታማ ሳትተኛ በፊትም፣ ነሐሴ ላይ፣ እዚያው ነበረች። ሚሳኤልም ሰሞኑን በቆመችበት አይቻታለሁ ብሏል። ቡዜ ልጇንና ዘንቢሉን አልፋ ወደ ዛፏ ሄደች።

«የኔ ልጅ፣ ለምን አልገባሽም?»

ሴቲቱ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ምን አገባዎት እማማ?»

«ምንም። እኔም ይሄንኑ ነበር የምለው።»

«አይመቸኝም፤ በቃ።»

«ከነሐሴ ጀምሮ?»

ሴቲቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። ቡዜ ውሸቷን እንደሆነ አወቀች። አልገፋቻትም። ዛፉን ተደግፋ አጠገቧ ቆመች፤ ልክ እንደማይተዋወቁ ሰዎች፣ በመሀላቸው አንድ ክንድ ክፍተት ትታ። ከበሩ በኩል የጋሽ በንቲ ድምፅ መጣ፣ «ጀመራት» ሲል። ቡዜ ዞር ብላ አላየችውም።

«እኔ ጊዜ አለኝ» አለች ለሴቲቱ። «እስኪመችሽ እቆማለሁ።»